ስለ ሊምፎማ የተጻፈው ያለፈው ደረጃ

ስለ ሊምፎማ ያነበብኩት ጽሑፍ ይህን የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር በዘረመል ለውጥ ማስረዳቱ ትክክል ቢሆንም፣ የዘረመሉ መልእክት በራይቦዞሞች (በሴሉ የፕሮቲን መሥሪያዎች) ላይ ወደ ፕሮቲን የሚለወጥበትን ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ ዋናውን ነገር ያስቀረ ይመስለኛል። በፍጥነት በሚያድገው የሊምፎማ ዓይነት፣ በበርኪት ሊምፎማ፣ ከ8ኛው ክሮሞዞም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 14ኛው የሚዛወረው ሚክ የተባለው ዘረመል፣ ሴሉ እንዲባዛ ከማዘዙም በላይ የራይቦዞሞችን ግንባታ ያፋጥናል፤ ስለዚህ ሴሉ ከወትሮው እጅግ የበዛ ፕሮቲን ያመርታል። ይህ ጭማሪ የበሽታው ውጤት ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአይጦች ጥናት አሳይቷል፤ በሚክ ምክንያት ሊምፎማ በሚይዛቸው አይጦች ላይ የአንድ ራይቦዞማዊ ፕሮቲን መጠን ሲቀነስ፣ የፕሮቲን ምርቱ ወደ መደበኛው ልክ ተመልሶ የካንሰሩ እድገት ተገትቷል።

ጽሑፉ ኤምቶርን የሚያግደውን መድኃኒት፣ ራፓማይሲንን፣ የጠቀሰበት ክፍልም ማስተካከያ ያሻዋል። ኤምቶር የተባለው ኢንዛይም የፕሮቲን ምርትን የሚያስጀምረውን ኢአይኤፍ4ኢ የተባለ ፕሮቲን አስሮ የሚይዘውን ልጓም ይፈታል፤ ራፓማይሲን ግን ይህን ተግባር የሚያግደው በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ ምርቱ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ምርቱ በእርግጥ ሲቋረጥ ቀድመው የሚጠፉት እንደ ኤምሲኤል1 ያሉ፣ ሴሉን ከሞት የሚጠብቁና ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የሕክምናው ተስፋም በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል።

ከመጠን ያለፈ ምርት ለራሱ ለካንሰሩ ሴልም ሸክም መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በበርኪት ሊምፎማ፣ በተለይም በወንዶች፣ ዲዲኤክስ3ኤክስ የተባለው ዘረመል ተበላሽቶ የሚገኘው፣ ጉድለቱ ምርቱን ዝግ አድርጎ ወደ ካንሰር መለወጥ የጀመረውን ሴል ከሚክ ጫና ስለሚታደገው ነው።