ክርክር፦ ሥልጠናው ይቅደም ወይስ የእጅ መታጠቢያው?

ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ሥልጠና በየዓመቱ ግዴታ ይሁን? ይሁን የሚሉት ሐኪምም አሠልጣኝም የሆኑ ዶክተር ናቸው። ምን ያደርግልናል የሚሉት ደግሞ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ የሚሠሩ ነርስ።

ዶክተር፦ በቁጥር ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ታካሚዎች በሀብታም አገሮች 7፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 15 ያህሉ እዚያው ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ሊድን የመጣ ሰው ሌላ በሽታ ይሸምታል ማለት ነው። አንዱን ጓንት እንዳጠለቀ ከአልጋ አልጋ የሚዞር ባለሙያ ዛሬም አለ። ጓንቱ ለእሱ እንጂ ለታካሚው እንደማይበጅ ማን ይንገረው?

ሲስተር፦ ዶክተር፣ እኔ አራት ጊዜ ሠልጥኛለሁ። እጅ የሚጸዳባቸውን አምስቱን ጊዜያት ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስትም። በሽተኛ ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ ወይ? እውነቱን ልንገርዎ፣ አላደርገውም። በውኃና በሳሙና በወጉ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ቧንቧው ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ሌሊት ብቻዬን 20 በሽተኛ ይዤ ስንቴ ልመላለስ?

ዶክተር፦ ሰው ከገባው መላ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ያዋልዱ ነበር። በኤፕሪል በዚያ ክፍል ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞቱ። እዚያው ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ እጃችሁን በክሎሪን ታጠቡ አለ። በጁላይ ቁጥሩ ከ2 በታች ወረደ።

ሲስተር፦ ይቅርታ ዶክተር፣ ምስክርዎ ወደ እኔ ዞረ! ሰውየው አዳራሽ ሰብስቦ ስላይድ አላሳየም። ክሎሪኑን አቀረበ፣ ሳትታጠቡ እንዳትነኩ አለ። አበቃ።

ዶክተር፦ ታሪኩን ይጨርሱት እንጂ! ለምን እንደሚታጠቡ በወጉ አላስረዳቸውም። መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ብዙዎቹ ናቁት፣ የሥራ ውሉም አልታደሰለትም። ነገሩ ያልገባው ሰው አለቃው ዞር ሲል ይተወዋል።

ሲስተር፦ እሺ፣ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ጄኔቫ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 የሠራተኞቹን የእጅ ንጽሕና ከ48 ወደ 66 በመቶ አሳድጓል። የእጅ ማጽጃ አልኮሉን አልጋው አጠገብ አስቀመጡት። እየተከታተሉ ውጤቱን ለሠራተኛው መልሰው ነገሩት። አልኮል አሽቶ ለመጨረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። እሱን እችላለሁ።

ዶክተር፦ እዚህ ላይ በከፊል ተረትቻለሁ። መርፌውስ? ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን፣ አጠገቡ እያለ የተጠቀመበትን መርፌ መልሶ የሚከድን ስንት አለ! ቫይረሱ ባለበት ሰው ደም የተበከለ መርፌ ሲወጋ ኤችአይቪ የመተላለፍ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ላልተከተበ ሰው የጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ቢ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ያን ልማድ የአልኮል ጠርሙስ አያስጥልም። ጋውን ማውለቅም እንዲሁ ነው። በሥልጠናው ላይ በልዩ መብራት የሚያበራ ቅባት በጀርም ፈንታ ጋውናቸው ላይ ቀብተን እንዲያወልቁ እናደርጋለን። ከዚያ መብራቱን ስናበራባቸው አንገታቸው፣ አንዳንዴም ፊታቸው ላይ ያበራል። ያን ያየ ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም።

ሲስተር፦ እንዲህ ያለውንማ ማን ይጠላል? ለእኛ የደረሰን ግን ስላይድና ሰርተፊኬት ነው። ደግሞ የሚሠለጥነው ማን ነው? የአልጋውን ብረትና የበሩን እጀታ የሚያጸዱት፣ ቆሻሻውን የሚያነሱት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት እንዳለበት ማን ነግሯቸዋል? በአራቱም ሥልጠና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አላየሁም።

ዶክተር፦ እኔም ጠርቼ አላውቅም። የሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ገና አልተዘጋም።

ሲስተር፦ እንግዲያው የእኔን ስም ሰርዘው የዋርዳችንን ጽዳት ሠራተኛ ይጻፉልኝ። የሌሊት ፈረቃ ናት፤ ጠዋት እንዳይጠሯት።