እርማት፦ ቬንገር የመጀመሪያው የውጭ አሰልጣኝ አልነበሩም

አርሰናል እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዊውን አሰልጣኝ አርሰን ቬንገርን ሲሾም ብዙ ደጋፊዎች «ማን ናቸው?» ብለው መጠየቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ የሠሩ የመጀመሪያው የውጭ አሰልጣኝ እሳቸው ናቸው መባሉ፣ በእኛም አገር የአርሰናል ደጋፊዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ስህተት ነው። ከቼኮዝሎቫኪያ የመጡት ዮዜፍ ቬንግሎሽ አስቶን ቪላን በ1990፣ አርጀንቲናዊው ኦሲ አርዲሌስ ቶተንሃምን በ1993፣ ሆላንዳዊው ሩድ ጉሊት ደግሞ ቬንገር ከመምጣታቸው ከወራት በፊት ቼልሲን ተረክበዋል። ቬንገር ወደ አርሰናል ሲመጡ «ምንም ያላሸነፉ ሰው» ነበሩ መባሉም ልክ አይደለም፤ ሞናኮን በ1988 የፈረንሳይ ሊግ ሻምፒዮን አድርገዋል። የቬንገር ቀዳሚነት ሌላ ነው፤ በ1998 ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ መጥተው የእንግሊዝን ሊግ ያሸነፉ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆነዋል።