«ጸባይ የላትም» እያላችሁ በር ለምትዘጉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው በቁጣ ነው። ታገሱኝ።

የጃፓናዊው ፕሮዲውሰር የማሳይቺ ናጋታ ስም ሲነሳ አፋችን የሚቀድመው ለማድነቅ ነው። «ሰው ማለት እሱ!» እንላለን። በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪዮቶ ውስጥ ኒካትሱ ስቱዲዮ ተቀጥሮ እንግዶችን እያዞረ ያስጎበኝ ነበር። ኋላ የዳይኤ ፊልም ኩባንያ አለቃ ሆነ። «ራሾሞን» በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ሲወስድ ፊልሙን የሠራው የእሱ ኩባንያ ነው። «የሲኦል በር» በ1954 ካን ላይ ታላቁን ሽልማት ሲያገኝም እንዲሁ። ይህን አልክድም።

ፉጂኮ ያማሞቶ ላይ ያደረገውን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ያማሞቶ በ1950 በመጀመሪያው የሚስ ጃፓን ውድድር ያሸነፈች ወጣት ነበረች። በ1953 ዳይኤ ገባች። ቆንጆ ናት ተብላ ብቻ አልቀረችም፤ ሥራዋን ተማረች፣ የኩባንያው ትልቅ ኮከብ ሆነች። በ1958 ሾቺኩ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ሄዳ ከዳይሬክተሩ ከያሱጂሮ ኦዙ ጋር አንድ ፊልም ሠርታለች። የሄደችው ግን በራሷ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ኩባንያዋ አውሷት ነው። ያኔ ስቱዲዮዎች ተዋናይን እንደ ጎረቤት ወንፊት ይዋዋሱ ነበር።

በ1963 መጀመሪያ ውሏ አለቀ። ኮን ኢቺካዋ ዳይሬክት ያደረገውና እሷ ያለችበት ፊልም ጃንዋሪ ላይ ገና ሲኒማ ቤት መግባቱ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። በሌሎች ኩባንያዎች ፊልምም ልሥራ አለች። ካልሆነ በነጻነት እሠራለሁ አለች። ዕድሜዋ 31 ነበር።

ናጋታ ተቆጣ። አባረራት። ማባረሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከሥራ ማባረር የትም አለ። እሱ ግን ሌላ ቤትም እንዳትገባ አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1953 አምስት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ተዋናይና ዳይሬክተር እንዳይወስድ ተስማምተው ነበር። ከስምምነቱ ዋና ጠንሳሾች አንዱ ናጋታ ራሱ ነው። ኒካትሱ እንደገና ፊልም ማምረት ሊጀምር ስለሆነ ሰዎቻችንን ይወስድብናል ብለው ፈርተው ነው። ኋላ ኒካትሱም ተቀላቀለ። ከአምስቱ አንዱ የነበረው ሺንቶሆ ደግሞ በ1961 ከሰረ። ስለዚህ ያማሞቶ ስትባረር ከዳይኤ ሌላ አራት በሮች ነበሩ፦ ሾቺኩ፣ ቶሆ፣ ቶኤ፣ ኒካትሱ። ውል የላትም፣ ዕዳ የለባትም፣ ወንጀል አልሠራችም። አራቱም ዘጉባት።

ያማሞቶ ቴሌቪዥንና ቲያትር ገባች። እዚያም ተወደደች። ወደ ፊልም ግን ዳግመኛ አልተመለሰችም።

የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። በ1958 ጃፓን ውስጥ ከ1.1 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ቲኬት ተሸጦ ነበር። በ1963 ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ቴሌቪዥን ተመልካቹን እየወሰደባቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ሰው ቲኬት ገዝቶ የሚያያትን ሴት በገዛ እጃቸው ገፍተው ለቴሌቪዥን ሰጡ። ይህንን ነው «ጠንካራ አመራር» ብላችሁ የምታደንቁት?

ሰውየው የሰው ድካም የማይታየው እንደነበር «ራሾሞን»ም ይመሰክራል። ፊልሙ ሲያልቅ አልገባኝም ብሎ አጣጣለው። ከተሸለመ በኋላ ግን በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ራሱ አወራ። የፊልሙን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን ስም አላነሳም። ካሜራውን ወደ ፀሐይ ያዞረውን የካሜራ ባለሙያውን የካዙኦ ሚያጋዋን ስምም አላነሳም። ይህን ያወራው ራሱ ኩሮሳዋ ነው።

ግን እኮ ናጋታ አንድ ሰው ነው። የአንድ ሰው ንዴት አንዲትን ተዋናይ ከአንድ ቤት ያስወጣል እንጂ ከአገር ሲኒማ አያስወጣም። ያስወጣት የአራቱ ዝምታ ነው። ከእነዚያ አለቆች አንዱ «እኔ አሠራታለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላለም። በ1968 ደግሞ የዳይኤ ተዋናይ ጂሮ ታሚያ ፖስተር ላይ ስሜ የተቀመጠበት ቦታ አይገባኝም ብሎ ሲከራከር ያው ዕጣ ደረሰው። ዝም ያለ ሰው ነገ ደግሞ ዝም ይላል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ የተፈረመ ስምምነት እንኳ አያስፈልገንም። አንድ ስልክ ይበቃናል። «እሷን? ተዋት፣ ጸባይ የላትም።» አለቀ። ጸባይ የላትም የተባለችው ምን አድርጋ ነው? ያልተከፈላትን ጠይቃ ነው። ውሌን አሳዩኝ ብላ ነው። ፊልም ሥራ ላይ እንዲህ ነው፣ ቢሮም እንዲህ ነው፣ ሱቅም እንዲህ ነው። ስልኩን ያነሳ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም። ልጅቷ ለምን እንደማትጠራ ሳታውቅ ቤቷ ትቀመጣለች። እኛም ማታ ተሰብስበን «የአገራችን ፊልም ለምን አያድግም?» እንላለን። አዝናለሁ። እውነት አዝናለሁ።

ዳይኤ በ1971 መጨረሻ ከሰረ። በዚያ ደስ አይለኝም፤ ሥራቸውን ያጡት አለቃው ሲቆጣ ምንም ድምፅ ያልነበራቸው ሠራተኞችም ናቸው።

ያ ስምምነት ግን ዘላለም አልኖረም። ታዋቂዎቹ ተዋናዮች ቶሺሮ ሚፉኔና ዩጂሮ ኢሺሃራ የየራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ስለ ኩሮቤ ግድብ አንድ ትልቅ ፊልም ሊሠሩ ተነሱ። ኩባንያዎቹ ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ዳይሬክተሩ ኬይ ኩማይ የኒካትሱ ቅጥረኛ ነበርና እንጀራው አደጋ ላይ ወደቀ። ወደኋላ አላሉም። ፊልሙ በ1968 ወጣ፣ ሕዝቡም ጎረፈ። ለያማሞቶ አምስት ዓመት ዘግይቷል።

እናንተን የምለምነው የሚፉኔን ያህል ድፍረት አይደለም። ያ ስልክ ሲደወልላችሁ «እሷስ ምን ትላለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ እሷው ጋ ደውሉ። ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ደክሞኛልም። ከአራቱ አንዱ ግን ይበቃ ነበር። ከእናንተም አንድ ሰው ይኖራል ብዬ ነው ዛሬም የጻፍኩት።