«ሪትም የላትም?»

ከገባሁ ግማሽ ሰዓት አይሆነኝም። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያው የዛሬው ሰርግ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነው፣ ከኛ ሦስት ብሎክ አለፍ ብሎ። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ሃይድራሲንዜን፣ ያቺን ሲንተሳይዘር ኪቦርዴን፣ አንጠልጥዬ ገባሁ። አዎ፣ ያቺኑ ትንሿን ሞዴል፣ ኤክስፕሎረሯን። ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ ወስጄ የገዛኋትን፣ የአክስቴ ልጅ ከካልሲ ጋር ጠቅልሎ ያመጣልኝን።

የሙሽራው አጎት መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ኪቦርድህ የታለ?»

«ይኸው ጋሼ።»

ጎንበስ ብለው አዩዋት። 37 ቁልፍ፣ እሱም ቀጫጭን። «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት። በል ሪትሟን ክፈተው፣ ምቱን ራሷ ትምታው።»

«ሪትም የላትም ጋሼ።»

«ሪትም የላትም?!» ሽንኩርት የሚከትፉት እናቶች ሳይቀሩ ዞሩ። «ታዲያ ምን አላት?»

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ጠየቁኝ እኮ! በሕይወቴ «ምን አላት» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አብዛኛው ኪቦርድ ላይ ፒች ቤንዱን፣ ድምፅ የሚያንሸራትተውን ጎማ፣ ሲያዞሩት የያዙት ኖታ ሁሉ አብሮ ነው የሚንሸራተተው። እዚች ላይ ግን ጠበቅ አድርገው የተጫኑት ቁልፍ ብቻ ነው የሚንሸራተተው። ሌሎቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ልክ ማሲንቆ…»

ማሲንቆ ስል ጣታቸውን ሰደዱ። ክትፎ ሲበሉበት የነበረውን ጣት። ቅቤው ያብለጨልጫል። አንዱን ቁልፍ ደፍጥጠው ያዙት። ድምጿም እንዳዘጋጀኋት እየተሳበች ወደ ላይ ወጣች። እኔ ፈገግ አልኩ። ሞኝ!

«አየህ? ተበላሽቷል፤ ድምፁ ይንሸራተታል» ብለው ጣታቸውን በሶፍት ጠረጉ። የሳቸውን ጣት ነው የጠረጉት እንጂ የኔን ቁልፍ አይደለም።

ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ የለፋሁት እኮ ለዚያች መንሸራተት ነው! ትዝታ ላይ ያቺ አንዷ ኖታ ለብቻዋ እንድታለቅስ።

ደግሞ እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ። ባለፈው ስቱዲዮ የሄድኩ ቀን ቀጂውን ልጅ «ኤምፒኢ አድርገህ ቅዳው፣ እያንዳንዱ ኖታ የራሱ ቻናል ይፈልጋል» አልኩት። ያን ቀን ያንን ጣት እየተንሸራተተ የሚጫወቱበትን ኪቦርድ ተውሼ ነበር። «በአንድ ቻናል ይበቃል፣ አታካብድ» አለኝ። ሚዲ፣ የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ 16 ቻናል አለው፤ ምን ልታደርግበት ነው የምትቆጥበው? እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምፒኢን መደበኛ ደንብ ያደረጉት ሰዎች እያካበዱ ነበር? በአንድ ቻናል ቀዳው። አንዷን ስስብ ሁሉም ተከትለዋት ሄዱ። በግ ይመስል!

የታክሲ ረዳቱንም አልረሳሁትም። «ለሻንጣው የአንድ ሰው ክፈል።» ከፈልኩ። ከዚያ ሰው ጭኖ ሻንጣውን እኔው ጭን ላይ አስቀመጠው።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። አጎትየው ስልክ ደወሉ፤ ባለ ስታይል ኪቦርዱ ልጅ፣ ምቱን በራሱ የሚመታውን ኪቦርድ ይዞ፣ በባጃጅ ከተፍ አለ። አንድ ቁልፍ ነካ፣ ቺክቺካው ወረደ፣ ድንኳኑ በእስክስታ ቀለጠ። አንድ ጣት ብቻ! ልጁ በሌላ እጁ ለስላሳ ይጠጣል። እሺ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ትከሻዬ ተነቃንቋል።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ኮዬ አይደል? ጄነሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ ነዳጅ ሊያመጣ የሄደው ልጅ ስልክ አያነሳም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከሻማ ሌላ የሚበራው የኔዋ ብቻ ነበረች። ስምንት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ጎርሳ ቁጭ ብላለች። ልቤ ዘለለ። «ይኸው ቀኔ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ለካ ስፒከሩ በመብራት ነው። የራሷ ስፒከር ደግሞ የላትም። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ጥግ ላይ ለራሴ ተጫወትኩ። አንዲት ሕፃን መጥታ አንዱን ጆሮ ተቀበለችኝ። እናቷ ጎትታ ወሰደቻት።

አሁን ቅቤውን በጥጥ እየጠረግኩ ነው። በቁልፎቹ መሃል ገብቷል፣ ኮረሪማው ይሸታል። ሚዜው ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ወንድሜ፣ ቀብዱን መቼ ትመልሳለህ?» ብሏል።

አንብቤዋለሁ። ሁለቱን ራይት አይቷል።