ጨዋታው ልቅ አልነበረም

ያነበብነው ጽሑፍ የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት የጀመረውን ጀርመናዊ፣ ፍሪድሪክ ፍሮቤልን፣ «ልጆቹን ለቅቆ ዝም ብሎ የሚያይ» አስተማሪ አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። ሰውየው እኮ መጫወቻዎቹን በቅደም ተከተል አስቦ ያዘጋጀ ነው፦ መጀመሪያ ስድስት ለስላሳ የሱፍ ኳሶች፣ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኩብ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ስምንት ትንንሽ ኩቦች የሚፈታ አንድ ኩብ። ይህችን ሦስተኛዋን በማስተምርበት ክፍል ሞክሬአታለሁ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ስምንቱን ደርድራ ወንበር ሠራች፣ አፈረሰችው፣ ትንሽ አሰበችና «አራት አራት ይደርሰናል» ብላ ግማሹን ወደ ጓደኛዋ ገፋችላት። ማካፈል የሚባል ነገር ገና አላስተማርኳትም ነበር! በጽሑፉ ሥር «ጨዋታ ትምህርት ያስረሳል» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ሒሳቡ የት ተደብቆ እንደነበር እስቲ እየው። ጽሑፉ የዘለለው ሌላም አለ፦ የያኔዋ የጀርመን ግዛት ፕሩሲያ የፍሮቤልን መዋዕለ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1851 አግዳ ነበር፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሶሻሊስት ከነበረው ከወንድሙ ልጅ ከካርል ጋር መምታታቱ ነው። ፍሮቤል በ1852 ሞተ፤ እገዳው የተነሳው ግን በ1860 ነው።