የደረት ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ የጤና ኃላፊ ሃርት አታክ የከተማ ባለገንዘቦች በሽታ ነው ሲሉ ሰማሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የካቴተር ማሽን (የተዘጋ የልብ ደም ቧንቧ በቀጭን ቱቦ የሚከፈትበት) መጨመሩ ይበቃል ባይ ናቸው።

የባለገንዘብ በሽታ? ለሃርት አታክ የሚያጋልጡት ደም ግፊትና ስኳር ገበሬውንም፣ የቀን ሠራተኛውንም፣ ጡረተኛውንም ይዘዋል። የድሃው ሃርት አታክ የማይቆጠረው ስለሌለ አይደለም፤ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የሚያነሳው ስላጣ ነው። ደረቱን ይዞ ይሄዳል፤ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ይዞ ይመለሳል። ሌሊት ሲሞት ደግሞ «ድንገት አረፈ» ይባላል።

የሃርት አታክን ሕክምና የለወጠው ማሽን ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግልጽ ነው። ደረቱን ያመመው ሰው ባለሙያ ፊት በቀረበ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሳ። የልቡ ደም ቧንቧ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ከታየና በ120 ደቂቃ ውስጥ ስቴንት (በካቴተር ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ወንፊት) የሚያገኝ ከሆነ ይሂድ። ካልሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እዚያው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀመርለት። ከጎባ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየትኛው 120 ደቂቃ? ሪፈር ጽፎ መሸኘት ብቻውን ሕክምና አይደለም። የሰውየው የልብ ጡንቻ መንገድ ላይ እየሞተ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ለድሃ የተተወ ትራፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ስትሪም የተባለ ጥናት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስቴንት ማግኘት የማይችሉ ሕሙማንን ተከታተለ። መጀመሪያ ቴነክቴፕሌዝ የተባለውን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ተወግተው ኋላ ወደ ካቴተር የተወሰዱትና በቀጥታ የተወሰዱት ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ገና እ.ኤ.አ. በ1988 ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት አስፕሪንና ሌላው የረጋ ደም አሟሚ ስትሬፕቶካይኔዝ አብረው ሲሰጡ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። አስፕሪን ብቻውን በ23 በመቶ! በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው አስፕሪን!

አዎ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ያፈሳል፤ አንጎል ውስጥም ሊያደማ ይችላል። ለዚህም ነው ለማን እንደማይሰጥ ዝርዝር የወጣለት። በስትሪም ጥናትም 75 ዓመት ለሞላቸው አዛውንቶች መጠኑ በግማሽ የተቀነሰው ለዚሁ ነው። ይህን ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም በሥልጠና ይማረዋል።

ማሽኑ ይግባ፣ ማንም አልጠላም። ኃላፊው ግን ወደ ስቱዲዮ ሲመለሱ ይንገሩን። ከአዲስ አበባ ውጭ ካሉት ሆስፒታሎች ስንቶቹ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ኢሲጂና ይህ መድኃኒት ዛሬ ማታ ይገኛሉ?