ከላኒየር እስከ ሐረማያ፦ የድሮ ካርታ ሲነበብ

አትላንታ የሚኖር ወገን በእረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ላኒየር ሐይቅ ዳር ይውላል። ከ1956 በፊት (በፈረንጅ) የተነሣውን የዚያን አካባቢ ካርታ ቢከፍት ግን ሐይቁን አያገኘውም፤ የቻታሁቺ ወንዝ፣ መንገድና የሸለቆ እርሻ ነው። የቡፎርድ ግድብ ያለቀው በዚያ ዓመት ነውና። ሐረማያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የድሮው ካርታ ላይ ሰማያዊ ሐይቅ፣ በኛ 1990ዎቹ አጋማሽ ደረቅ መሬት፤ ኋላ ውሃ ቢመለስበትም።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። አሜሪካኖች ከ1884 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያተሟቸውን የካርታ ሉሆች ስካን አድርገው ማንም በነጻ እንዲያወርዳቸው አድርገዋል። የኛ በ1፡50,000 መስፈርት የተሠሩ ሉሆችም እንዲሁ ቢከፈቱ የአያቱን ቀዬ የሚፈልግ ስንት ሰው ይጠቀም ነበር!

ሉሁ እጅዎ ከገባ በመጀመሪያ ሕዳጉን ያንብቡ። የታተመበት ዓመትና የአየር ፎቶው የተነሣበት ዓመት የተለያዩ ናቸው፤ መሬቱን የሚያሳየው ፎቶው ነው። የሉሁ ቁጥርም አድራሻ ነው፦ 1137 ማለት ሰሜን ኬክሮስ 11፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ፣ የባሕር ዳር አካባቢ።

በ1፡50,000 ካርታው ላይ ያለ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። በከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት) መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ነው (ይህንንም ሕዳጉ ላይ ያረጋግጡ)። ሁለቱ መስመሮች በ2 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ 100 ሜትር ሄደው 20 ሜትር ይወጣሉ፤ 20 በመቶ ዳገት፣ እርከን የሚሻ ማሳ ነው። መስመሩ ወንዝ ሲያቋርጥ ሹል ጫፉ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ያመለክታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስልክ ሲጠቀም ነው። ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ በሚለካበት መሠረት) ሲሆን የስልክ ጂፒኤስ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ስልኩ የሚሰጠውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ወደ አዲንዳን ሳይቀይሩ ሉሁ ላይ ካሰፈሩ ቦታው 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ በሸለቆ አገር ግን ከገደሉ ማዶ ታደርሳለች።

የተቆራረጡት መስመሮች የእግር መንገዶች ናቸው። ብዙዎቹ ሜዳ ላይ የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሰኞ ገበያ ወይም ሐሙስ ገበያ የሚል ስም አጠገቡ ካለ የገበያ ቦታ ነው። ስሞቹ በላቲን ፊደል ከሆኑ ጠ ከ ተ፣ ጨ ከ ቸ ተደባልቀዋል። ለአካባቢው አዛውንት ያንብቡላቸው፤ ከአፋቸው የሰሙትን በፊደላችን ሕዳጉ ላይ ይጻፉት።